ሜትሮፖል ሆቴል፣ 9ኛ ፎቅ፦ ሳርስ ከአንድ ኮሪደር ተነስቶ ዓለምን እንዴት ዞረ

ኮሮና ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ ተባለ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ማስክና ሳኒታይዘር ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሌላ አዲስ ኮሮና ቫይረስ ከዚያችው ከቻይና ተነስቶ ብዙ አገር ገብቶ ነበር። ሳርስ ይባላል። እሱ ግን ቆመ። ክትባት ሳይገኝለት፣ ፍቱን መድኃኒት ሳይኖረው፣ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው ቆመ።

የሳርስን ታሪክ ሙሉውን ልተርክ አልተነሳሁም። የምይዘው አንድ ሆቴል፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ሌሊት ነው። ከዚያ ፎቅ የወጡ ሰዎች በሽታውን ሳያውቁት ይዘው ወደ ሃኖይ፣ ወደ ቶሮንቶ፣ ወደ ሲንጋፖር፣ ወደ ቫንኩቨር በረሩ። ቫይረሱ ያው ነው፣ ሳምንቱም ያው ነው፣ የደረሰው ነገር ግን ከከተማ ከተማ የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ። ለምን ተለያየ? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ሌላ አዲስ በሽታ በመጣ ቁጥር የሚያስፈልገን ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እስካሁን የሚታወቀው የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ግዛት ውስጥ፣ ፎሻን በምትባል ከተማ ነው። ጊዜው ኖቬምበር 2002። ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች መካከል የዱር እንስሳ የሚያርዱና የሚያበስሉ ሰዎች ነበሩባቸው። ኋላ ላይ፣ በሜይ 2003፣ ተመራማሪዎች ሼንዠን ገበያ ላይ ከሚሸጡ ጥርኞች ላይ በጣም ተቀራራቢ ቫይረስ አገኙ። ጥርኝ ስል እኛ ዝባድ የምናወጣለት ማለቴ አይደለም፣ የእስያው ዘመዱ ነው። ጥርኙም ቢሆን መሸጋገሪያ ነበር እንጂ ዋናው ምንጭ የሌሊት ወፍ መሆኑ ከዓመታት በኋላ ታወቀ።

በሽታው በጓንግዶንግ ሆስፒታሎች ውስጥ ሐኪምና ነርስ እየጣለ ሁለት ወር ከምናምን ሲቆይ ለዓለም የተነገረ ነገር አልነበረም። ሰዉ በስልክ መልእክት ይቀባበለዋል፣ ኮምጣጤ ይሸምታል፣ መንግሥት ዝም። በይፋ የተነገረው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2003 ነው፤ 305 ሰው ታሟል፣ 5 ሰው ሞቷል፣ በቁጥጥር ሥር ነው ተባለ። ይሄ ዝምታ ያናድደኛል። ድንበር ማዶ ያለው የሆንግ ኮንግ ሐኪም ምን ፈልጎ ታማሚውን እንደሚጠይቅ አያውቅም ነበር፣ ሃኖይና ቶሮንቶ ያለውማ ጭራሽ።

ፌብሩዋሪ 21 ደረሰ። በእኛ የካቲት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.። የጓንግዶንግ ዋና ከተማ በሆነችው ጓንግዡ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ሲያክም የነበረ የ64 ዓመት የኩላሊት ሐኪም፣ የዘመድ ሠርግ ነበረበትና ከባለቤቱ ጋር ሆንግ ኮንግ ገባ። ካውሉን ሰፈር ያለው ሜትሮፖል ሆቴል አረፈ። 9ኛ ፎቅ፣ ክፍል 911። ከቀናት በፊት ጀምሮ አሞት ነበር፣ ግን ሕመሙ ብሶ አልጣለውም። በማግስቱ ጠዋት ባሰበትና እዚያው አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ሄደ። ጥሩ ያደረገው ነገር አለ። ራሱ ሐኪም ስለሆነ ምን እንደያዘው ጠርጥሮ ነበር፣ ለተቀበሉት ሐኪሞችም በጣም አደገኛ በሽታ ይዤ መጥቻለሁ ብሎ አስጠነቀቃቸው። ማርች 4 ቀን አረፈ።

ሆቴሉ ውስጥ ያደረው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ሲያጣራ ከዚያ ፎቅ ጋር ግንኙነት ያላቸው ቢያንስ 16 እንግዶችና ጠያቂዎች በዚያ ሰሞን ተይዘው ተገኙ። አብዛኞቹ ሐኪሙን አያውቁትም። አብረውት አልበሉም፣ አልተጨባበጡም። ኮሪደሩን አልፈው ይሆናል፣ ሊፍት ጠብቀው ይሆናል። ከወራት በኋላ መርማሪዎች ናሙና ሲወስዱ የቫይረሱን የዘር ምልክት ያገኙት ከ911 በር ፊት ለፊት ካለው ምንጣፍና ከሊፍቱ አካባቢ ነው፣ ከክፍሉ ውስጥ አላገኙም። አስመልሶት ይሆናል፣ ወይም ስሎበት ይሆናል የሚል ግምት አለ። እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። ሳይነካኩ፣ ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ኮሪደር ብቻ የተላለፈ በሽታ ነው። አየሩን መጠርጠር የነበረብን ገና ያኔ ነው።

ከዚያ ፎቅ የወጣውን አንድ ነጋዴ እንከተል። ቻይናዊ አሜሪካዊ ነው፣ ሥራ ነበረው፣ ወደ ሃኖይ በረረ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን የሃኖይ ፈረንሳይ ሆስፒታል ተኛ። ትንሽ የግል ሆስፒታል ናት። ሐኪሞቹ ነገሩ ግር ሲላቸው ከሁለት ቀን በኋላ ሃኖይ የሚገኘውን የዓለም ጤና ድርጅት ቢሮ ጠሩ፣ የመጣው ዶክተር ካርሎ ኡርባኒ ነው። ጣሊያናዊ፣ 46 ዓመቱ፣ የሦስት ልጆች አባት። ሥራው ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት መጻፍ ይበቃው ነበር። እሱ ግን በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ ናሙና አስወሰደ፣ ሠራተኞቹን ስለ ማስክና ስለ ጋዋን አስተማረ፣ ለማኒላና ለጄኔቫ አለቆቹ ይሄ የምናውቀው በሽታ አይደለም ብሎ ጻፈ። በቀናት ውስጥ የሆስፒታሉ ነርሶችና ሐኪሞች አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር።

ማርች 9 ቀን ኡርባኒና ባልደረቦቹ ከቬትናም ጤና ባለሥልጣናት ጋር ረጅም ስብሰባ ተቀመጡ። የጠየቁት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሆስፒታሉ ይዘጋ፣ ታማሚዎቹ ለብቻ ይሁኑ፣ የውጭ ባለሙያ ይግባ የሚል ነው። ለአንድ መንግሥት ይሄ ማለት ቱሪስት ይቀራል፣ ስም ይጠፋል ማለት ነው። የበሽታው ስም ገና አልታወቀም፣ የላብራቶሪ ማስረጃ የለም። ቬትናም ግን እሺ አለች። ሆስፒታሉ ተዘጋ፣ የታመሙት ሠራተኞች እዚያው ውስጥ ሆነው በጓደኞቻቸው ታከሙ፣ ቤተሰባቸውን ላለመበከል ወደ ቤት ሳይሄዱ የቀሩ ነበሩ።

ኡርባኒ ማርች 11 ቀን ለስብሰባ ወደ ባንኮክ ሲበር አውሮፕላን ላይ ትኩሳት ተሰማው። ኤርፖርት ሊቀበለው የመጣ ባልደረባው ሊጠጋው ሲል እንዳትጠጋኝ አለው። ሁለቱም ተራርቀው ተቀምጠው፣ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች ያሉበት አምቡላንስ እስኪመጣ ጠበቁ። ማርች 29 ቀን ሞተ። ቬትናም በአጠቃላይ 63 ሰው ታሞባት 5 ሞቶባት፣ ኤፕሪል 28 ቀን ከዓለም ሁሉ ቀድማ በሽታውን ያቆመች አገር ተባለች። ሀብታም ስለነበረች አይደለም።

ከሃኖይ ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። የተወሰኑት ታማሚዎች ባክ ማይ ወደሚባል የመንግሥት ሆስፒታል ተወስደው ነበር። መጀመሪያ ላይ በቂ መከላከያ እንኳ አልነበራቸውም። ግን ክፍሎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከላይ ፋን ይዞራል። በኋላ በተደረገ ጥናት ከዚያ ሆስፒታል ሠራተኞች መካከል የተያዘ አልተገኘም። አገራችን ውስጥ የቲቢ ክሊኒክ የሠራ ሰው መስኮት ክፈቱ የሚለውን ትእዛዝ አሳምሮ ያውቀዋል። ኤሲ የተገጠመላት፣ የተዘጋችዋ፣ ውድ የሆነችው ሆስፒታል ነች በሽታው የተራባባት።

እዚያው ሆንግ ኮንግ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። 9ኛ ፎቅ ጓደኛውን ሊጠይቅ የመጣ የ26 ዓመት ወጣት ማርች 4 ቀን ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል ተኛ፣ ዋርድ 8ኤ። ተራ የሳንባ ምች መሰላቸው። ትንፋሹን ለማገዝ ኔቡላይዘር ሰጡት፣ በቀን አራቴ፣ ለቀናት። ኔቡላይዘር መድኃኒቱን ወደ ደቃቅ ጭጋግ ቀይሮ በማስክ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አስም ያለበት ሰው ያውቀዋል። ችግሩ ታማሚው መልሶ የሚተነፍሰውም አብሮ በክፍሉ ውስጥ መበተኑ ነው። የዋርዱ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ለልምምድ የገቡ የሕክምና ተማሪዎች፣ ጎን ለጎን የተኙ ታማሚዎች፣ ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ተያዙ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ራሳቸው ባወጡት ዘገባ ከማርች 11 እስከ 25 ባለው ጊዜ 138 ሰው ታሞ ተኝቷል፣ ግማሾቹ፣ 69ኙ፣ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ባልደረባቸውን እያከሙ የታመሙ ሐኪሞች ናቸው ይህንን የጻፉት።

ከዚያው ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት የሚከታተል አንድ ሰው ወንድሙን ሊጠይቅ አሞይ ጋርደንስ ወደሚባል ኮንዶሚኒየም ሄደ። ተቅማጥ ነበረበት፣ ሽንት ቤት ተጠቀመ። የብዙዎቹ መታጠቢያ ቤቶች ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ውኃ መያዝ የነበረበት ማጠፊያ ደርቆ ነበር፣ ውኃ ከሌለ ደግሞ ከቱቦው የሚመጣውን አየር የሚያግደው የለም። ሰዎች የመታጠቢያ ቤት ፋን ሲያበሩ የተበከለው አየር ከቱቦው ወደ ቤታቸው ተሳበ፣ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ክፍተትም ወደ ላይ ወጣ። ከ300 በላይ ነዋሪ ታመመ። ሆንግ ኮንግ በጠቅላላው 1,755 ሰው ታሞባት 299 ሞተባት።

አሁን ወደ ካናዳ። የጉዳዩ እምብርት ለእኔ እዚህ ነው ያለው።

ከሆቴሉ የወጡ ሁለት የተለያዩ መንገደኞች ሁለት የካናዳ ከተሞች ገቡ። አንዷ የ78 ዓመት እናት ናቸው፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ቶሮንቶ ቤታቸው ተመለሱ፣ ታመሙ፣ ማርች 5 ቀን ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ልጃቸው ሲያስታምማቸው ተይዞ ኖሮ ማርች 7 ቀን ስካርቦሮ ግሬስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገባ። አልጋ እስኪገኝ እዚያው ረጅም ሰዓት ቆየ። ከጎኑ የነበሩት ታማሚዎች የተለዩት በመጋረጃ ብቻ ነው። ኔቡላይዘርም ተሰጥቶታል። ከእሱ የተያዙት በሽታውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፣ ሠራተኞች ታመሙ፣ ሰንሰለቱ ተዘረጋ።

ሁለተኛው መንገደኛ በ50ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፣ ቫንኩቨር ገባ። ሆስፒታል የደረሰው መቼ ነው? ማርች 7። ያው ቀን። የቤተሰብ ሐኪሙ አይቶት ወደ ቫንኩቨር ጄኔራል ሆስፒታል ላከው። እዚያ የነበሩት ከየት እንደመጣ ጠየቁ፣ ሆንግ ኮንግ ሲላቸው በደቂቃዎች ውስጥ ለብቻው ክፍል አስገቡት፣ ራሳቸው ደቃቅ ነገር የሚያጣራውን ኤን 95 ማስክ አደረጉ። ከእሱ አንድም ሰው አልተያዘም።

ዕድል ነው የሚል አለ። እውነት ነው፣ ዕድልም አለበት። የቶሮንቶዋ እናት ሆስፒታል ሳይሄዱ ስለሞቱ ልጃቸው ሲመጣ ከጉዞ የተመለሰ ሰው አልነበረም፣ የተጓዙት እናቱ ናቸው። ግን በኋላ ነገሩን በዳኛ አርቺ ካምቤል መሪነት ያጣራው ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ግዛት ኮሚሽን ዕድል ብቻ አይደለም ነው ያለው። ቫንኩቨር ባለችበት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ውስጥ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከሉ ቻይና ውስጥ እንግዳ ነገር አለ፣ ከዚያ የመጣ ሳል ያለበት ሰው ካያችሁ ተጠንቀቁ ብሎ አስቀድሞ ለሆስፒታሎች ነግሯል። የቫንኩቨሩ ሆስፒታል ደግሞ ልማዱ ይህ ነበር፤ ምንነቱ ያልታወቀ የመተንፈሻ በሽታ ሲመጣ ከከፍተኛው ጥንቃቄ ጀምረህ ነገሩ ሲጠራ ትቀንሳለህ። ቶሮንቶ ከዝቅተኛው ጀምሮ ነገሩ ሲብስ መጨመር ነበር።

ካናዳ 251 ታማሚ፣ 43 ሟች አስመዘገበች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቶሮንቶና አካባቢዋ። ከሞቱት ውስጥ ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም አሉ። የሚያሳዝነው ሁለተኛው ዙር ነው። በሜይ አጋማሽ አለቀ ተብሎ ጥንቃቄው ሲላላ፣ ኖርዝ ዮርክ ጄኔራል ሆስፒታል ያሉ ነርሶች ኧረ ይሄ ነገር አላለቀም፣ ታማሚዎች እያየን ነው አሉ። ሰሚ አላገኙም። በሜይ መጨረሻ በሽታው እንደገና ፈነዳ። አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየውን ቢሮ ያለው አያየውም፣ ነርስ ስትናገር መስማት ደግሞ ወጪ የለውም።

ሲንጋፖርን በአጭሩ ልለፋት። ለሽርሽር ሆንግ ኮንግ ሄደው ሜትሮፖል ካረፉ ወጣት ሴቶች አንዷ ስትመለስ ሆስፒታል ተኛች፣ ማንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከእሷ ብዙ ሰው ተያዘ። አገሪቱ አንድ ሆስፒታል ለሳርስ ብቻ መድባ፣ ንክኪ ያላቸውን ቤታቸው አስቀምጣ በካሜራ እየተቆጣጠረች አስቆመችው። 238 ታማሚ፣ 33 ሟች።

የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ማርች 12 ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን በሽታውን ሳርስ ብሎ ሰየመው። ለዚህ ያበቃው በዋናነት ከሃኖይና ከሆንግ ኮንግ የመጣው ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያለ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ኤፕሪል 16 ቀን መንስኤው ከዚህ በፊት የማይታወቅ ኮሮና ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ቤጂንግ ግን ያን ጊዜም ቁጥር ትደብቅ ነበር፤ ጂያንግ ያንዮንግ የተባሉ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሐኪም ውሸት ነው ብለው አደባባይ አወጡት። ኤፕሪል 20 ቀን የጤና ሚኒስትሩና የቤጂንግ ከንቲባ ከሥልጣን ተነሱ፣ የከተማዋ የታማሚ ቁጥርም በአንድ ጊዜ ከ37 ወደ 339 ዘለለ።

ጁላይ 5 ቀን 2003 የመጨረሻው ሰንሰለት ተቆረጠ ተባለ። 8,096 ሰው ታሞ 774 ሞቷል፣ በ29 አገር። ከታመሙት ከአምስቱ አንዱ ገደማ የጤና ባለሙያ ነው።

እንዴት ቆመ? ለይቶ ማቆየት፣ ንክኪ መከታተል፣ ማስክ። ያረጁ መንገዶች ናቸው። የሠሩት ደግሞ ሳርስ አንድ የሚያጋልጠው ጠባይ ስላለው ነው፤ ሰው የሚያስተላልፈው ትኩሳት ከያዘው በኋላ ነው፣ ይበልጡን ደግሞ ሕመሙ ሲጠና፣ በሁለተኛው ሳምንት። ያኔ ሰውየው ሆስፒታል ነው ያለው። የት እንዳለ ይታወቃል። የኮቪዱ ቫይረስ ግን ገና ሳያስል፣ ገና ገበያና ቢሮ እየዞረ፣ ምንም ሳይሰማው ያስተላልፋል። በሳርስ ጊዜ የሠራው ትኩሳት ለክቶ መለየት ብቻውን ለኮቪድ ያልበቃው ለዚህ ነው። ኮቪድም ከዝምታ ጋር ነው የተወለደው፤ በዲሴምበር 2019 መጨረሻ ዉሃን ያለው የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ ለባልደረቦቹ ሳርስ የመሰለ ነገር አለ ብሎ ቢጽፍ ፖሊስ ጠርቶ ወሬ ነዛህ ብሎ አስፈረመው።

ከሳርስ በኋላ አገሮች ቁጭ ብለው ዓለም አቀፉን የጤና ደንብ በ2005 እንደገና ጻፉት፤ አዲስ በሽታ ያየ አገር ቶሎ እንዲናገር ያስገድዳል። ይሄ ጥሩ ነው። በ2020 በዚያው ደንብ መሠረት ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ብለው ያወጁት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው።

የአየሩ ነገር ግን አልተነገረለትም። የካምቤል ኮሚሽን በ2006 መጨረሻ ሥራውን ሲያበቃ ዋና ምክሩ ግልጽ ነበር፤ በሽታው በአየር ይተላለፋል አይተላለፍም ብለው ሳይንቲስቶች እስኪስማሙ አትጠብቁ፣ ሠራተኞቹን አስቀድማችሁ ጠብቁ። የኮሪደሩ ምንጣፍ፣ የአሞይ ጋርደንስ ቱቦ፣ የባክ ማይ መስኮት ሁሉም ወደዚያው ይጠቁሙ ነበር። ማርች 28 ቀን 2020 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ለጠፈ። እጅ መታጠብ ተባለ፣ ርቀት ተባለ፣ ዕቃ በአልኮል ማሸት ተባለ። መስኮት የሚለው ቃል በትልቁ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በየአገሩ ስንት ነርስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በስስ የቀዶ ሕክምና ማስክ ሠራች። የድርጅቱ ዋና ሳይንቲስት የነበሩት ሶምያ ስዋሚናታን በ2022 ሥራቸውን ሲለቁ ይህንን ቀደም ብለን መናገር ነበረብን ብለዋል።